ገጽ አሥራ አንድ

ኤልሳይ ደሴት፣ ማርች 3 ቀን 1998

ለተከበሩ ዶክተር ሄስተር ፒሊንግ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጣራዬም ከሰሞኑ ነፋስ ተርፎ በቦታው አለ። የሼፊልድ ክረምት ከእኛው እንደሚሻል አልጠራጠርም፤ ከእኛ የማይሻል ክረምት የለምና።

በቀይ እስክሪብቶ አቅልመው የመለሱልኝ የጉዳይ ጥናቴ ረቂቅ ሐሙስ በአውሮፕላን ደረሰኝ። አነበብኩት፣ ተናደድኩ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ደግሜ ሳነበው ልክ ሆነው አገኘሁዎት። «ይህን ሰው የደሴትሽ ውሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ መሸፈኛው ሳስቷል» ብለዋል። እንግዲህ እንዳዘዙኝ ሸፈንኩት። አልበርት ብለን የሰየምነውን ተመካሪዬን ከስልሳ አንድ ዓመቱ ወደ አርባ አራት አወረድኩት። በዕድሜው ሙሉ ሴት ደጁን ረግጣ የማታውቀውን ሰው ዳርኩት፣ ሁለት ሴቶች ልጆችም ሰጠሁት። ከብቶቹን ሸጥኩና ሾፌር አደረግኩት። ባሕሩን ከነጀልባው ነቅዬ ኮርንዎል ወሰድኩት። ሰዓት መጠገን የሚወደው ሰው አሁን አኮርዲዮን ይጫወታል። ያን ዕለት «ትኩሳት ያዘኝ» ብሎ የቀረውም፣ እርስዎ እንዳሉት «ወገቤን» ብሎ ቀርቷል። እናቱ ከመቃብር ብትነሣ አታውቀውም።

ታሪኩን ግን ልነካው አልቻልኩም። የነፍስ አድን ጀልባዋ የጥሪ ርችት ሲተኮስ ሰማ፤ ካልጋው አልተነሣም። ጀልባዋ ሰው ጎድሏት ከአሥራ አንድ ባሕረኞቿ በስድስቱ ብቻ ወጣች። ሁለት ሰው የሚቆምበት የፊት ገመድ ላይ ጓደኛው ማንሲ ብቻውን ቆመ፤ ማዕበል ወሰደው። ከጎኑ መቆም የነበረበት አልበርት ነው። ይህን ለሰባት ክረምት ለፍጡር ሳይናገር ኖሮ ለእኔ ነገረኝ።

ስለ ርችቱ የጠየቁኝም እውነት ነው፤ ምክክራችንን የቀዳሁበት ካሴት ላይ ሁልጊዜ «ሦስት» ይላል። የጥሪ ርችት ግን ሁለት ነው፤ እዚህ አገር ጡት ያልጣለ ሕፃንም ያውቀዋል። ሐዘን ቁጥር ያበዛል መሰለኝ። ጽሑፉ ላይ «ሁለት» ብዬ አስተካክዬዋለሁ።

ይህ ጽሑፍ ያለበትን ጥራዜን አልፌ የቃል ፈተናውን ከተወጣሁ እነዚህ ደሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸው የምክር ሥነ ልቦና ባለሙያ ይኖራቸዋል። ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚማሩት እርስ በርስ ይጠያየቃሉ፤ በርቀት የምማረው እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ያለኝ ጓደኛ ፖስታ ቤቱና የእርስዎ፣ የተቆጣጣሪዬ፣ ቀይ እስክሪብቶ ነው። ሐሳቡ የመጣብኝ ማንሲ በሞተ ሰሞን ነበር። አዳራሹ ውስጥ የቀሩት አሥር የጀልባዋ ወንዶች ሻይ ይዘው ቆመው፣ አንዳቸውም ቃል ሳይተነፍሱ ተበተኑ። አንድ ሰው ሊያዳምጣቸው ይገባል አልኩ። አሁን አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ይህ ካመለጠኝ ሁለተኛ አልጀምረውም።

አክባሪዎ፣
ኢንጋ ድሬቨር


ሼፊልድ፣ ማርች 12

ውድ ኢንጋ፣

ለጣራሽ እንኳን ደስ ያለሽ። የእኔ ጉልበት እንደ ጣራሽ አልጸናም፤ ደረጃ መውጣት ትቻለሁ። ከዚህ በላይ ስለ ጤናዬ አትጠይቂኝ።

አዲሱን አልበርት ወድጄዋለሁ። በአኮርዲዮኑማ እኮራለሁ፣ የእኔ ፈጠራ ነው። ፈርሜበታለሁ፤ ሦስት ቅጂ አድርገሽ፣ አስጠርዘሽ ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር ላኪ።

ካሴቱን አንድ ጊዜ ደግሜ ሰማሁትና በደንቡ መሠረት ዛሬ ጠዋት አጠፋሁት። ዝምታዎቹን በሰከንድ ቆጥረሽ መጻፍሽ ጥሩ ነው። ግን ልብ ብለሽ ከሆነ፣ ሁልጊዜ በአራተኛው ሰከንድ ላይ ትናገሪያለሽ። ሃያ ዓመት አስተማሪ ነበርሽና ዝም ያለ ልጅ መልሱ የጠፋበት ይመስልሻል። ሰው ግን ዝም የሚለው መልሱ እጁ ላይ ሲከብደው ነው። አትርጂው፣ ተይው።

«ሦስት» ያለውን «ሁለት» ማድረግሽን አልወደድኩትም። ሰው ያለ ምክንያት አይሳሳትም። ቢሆንም ርችቱም ደሴቱም የአንቺ ነው፤ እንዳልሽው ይሁን።

ሄስተር


ኤልሳይ፣ ሜይ 2

ዶክተር፣

ስለ ዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ላሞች እየወለዱ ነው፣ አውሮፕላኑም በጭጋግ ምክንያት ሁለት ጊዜ ሳያርፍ ተመልሷል፣ ሌላም ሌላም። ሰበብ ለሚወድ ሰው ደሴት ላይ መኖርን የመሰለ የለም።

ለጠየቁኝ ሁሉ መልሱ ደህና ነው። ጥራዙ ለማኅበሩ ደርሷል። የቃል ፈተናው ዲሴምበር 4 ለንደን ነው። አልበርት እንደ ወትሮው ሐሙስ ሐሙስ ክሊኒኩ ጓዳ ይመጣል፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያኖራል፣ ይናገራል፣ ይሄዳል። ስለ ዝምታ ያሉኝን እየሞከርኩ ነው፤ ዘጠነኛው ሰከንድ ላይ ደርሻለሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፤ ለፈተናው ሳጠና የመጣብኝ ነው። በትንሽ ቦታ የሚኖርን፣ ተመካሪ ያልሆነን ሰው ሕዝቡ ተመካሪ ነው ብሎ ቢጠረጥረው፣ ባለሙያዋ «እሱ አይደለም» ማለት ትችላለች? መጽሐፉ ላይ ፈልጌ አጣሁት።

አክባሪዎ፣
ኢንጋ


ሼፊልድ፣ ሜይ 9

ኢንጋ፣

ስድስት ዓመት ደብዳቤሽን አንብቤያለሁ። «ለፈተና» ብለሽ የጠየቅሽኝ ነገር አንዱም ለፈተና ሆኖ አያውቅም።

መልሱ አትችልም ነው። ዛሬ ስለ አንዱ «እሱ አይደለም» ካለች፣ ነገ ሌላ ስም ይዘው ይመጣሉ፣ ከነገ ወዲያም ሌላ። አንዱ ጋ ስትደርስ ዝም ትላለች፤ ያን ጊዜ ዝምታዋ ጣት ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሪያውም አዎም አይደለምም አትልም። ደንቡ ጨካኝ ነው፤ ያወጣነው ግን ለቀልድ አይደለም።

አሁን የሆነውን ጻፊልኝ። ላስተካክለው ባልችል እንኳ ብቻሽን አትሸከሚው።

ሄስተር


ኤልሳይ፣ ሜይ 17

ዶክተር፣

አፍሬ ነው የደበቅሁዎት። እንደ ሕፃን ልጅ ሳህን ሰብሬ ከአልጋ ሥር የከተትኩት ያህል ነው።

በደሴቱ ያለችው አንዲት ፎቶ ኮፒ ማሽን ጄስ ሱቅ ውስጥ፣ ከድንች ጆንያው አጠገብ ናት። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ሦስቱን ቅጂ ላነሣ ሄድኩ። ማሽኗ ወረቀት እየነከሰች ስታስቸግረኝ፣ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ተራ ሲጠብቁ፣ ተጣደፍኩ። ዋናው ገጽ አሥራ አንድ ክዳኑ ሥር፣ መስታወቱ ላይ ቀረ። በማግስቱ ጄስ የካርታ ጨዋታ ማስታወቂያ ልታባዛ ክዳኑን ስታነሣ አገኘችው። ጄስ ክፉ ሴት አይደለችም። ለእህቷ ብቻ ነው የነገረችው። እህቷም ለባሏ ብቻ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ የያዘው ምን መሰለዎ? አርባ አራት ዓመት፣ ሾፌር፣ ሁለት ሴቶች ልጆች፣ አኮርዲዮን፣ «ወገቤን» ብሎ መቅረት፣ ሁለት ርችት፣ የሰመጠ ጓደኛ። ኮርንዎልን ማንም አላመነም፤ «ኢንጋ ኮርንዎልን የምታውቀው በፖስታ ካርድ ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያ መሳቅ አቆሙ። የተማሪዎቹን ሚኒባስ የሚነዳው ኤርለንድ ፉቢስተር አርባ አራት ዓመቱ ነው። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት። በየሠርጉ አኮርዲዮን የሚጫወተው እሱ ነው። ያን ዕለት ከቀሩት አምስት ሰዎች አንዱ ነው፤ ያስቀረውም ወገቡ ነው። እህቱ ሲቤላ ደግሞ የማንሲ ሚስት ናት።

እንዴት ሳታስቢው ቀረሽ ይሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። አልበርትን እንዳይመስል ስለፋ፣ ማንን እንደሚመስል ዞር ብዬ አላየሁም። በየቀኑ መንገድ ላይ የማገኘውን ሰው በእጄ ጻፍኩት።

ሲቤላ ወንድሟን ካየችው ወር ሊሞላ ነው። ሳምንት ሙሉ ሱቁ ውስጥ የሚያናግረው አላገኘም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው፤ የላከክሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ምን ላድርግ?

ኢንጋ


ሼፊልድ፣ ሜይ 24

ውድ ኢንጋ፣

ሁለቱን ሴቶች ልጆች የሰጠሁት እኔ ነኝ። ወገቡንም እኔ ነኝ። ኤልሳይን ረግጬ አላውቅም፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ በቀይ እስክሪብቶ የሰው ስም አጠፋሁ። ብቻዬን ነኝ ብለሽ እንዳታስቢ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ለኤርለንድ የሚፈይደው ነገር የለም።

አልለቅ ብሎኝ ሦስት ቀን አሰብኩበት። ከአምስቱ አንዱን አይደለም ካልሽ አራት ይቀራሉ። ከአራቱ አንዱ ወንደላጤ ነው፣ ሐሙስ ሐሙስም ክሊኒክ ሲገባ ታይቷል። አልበርትን በስሙ ከመጥራት በምን ይለያል? እሱ ደግሞ ሲጀምር የነገረሽን ታስታውሻለሽ፤ «ይህ ነገር ከወጣ ባሕሩ ሩቅ አይደለም» ነበር ያለሽ። ያንን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ለኤርለንድ ደግ ሁኚለት። ለማንም ምንም አትበይ። አልበርት ራሱ እንዲናገር ግን መንገድ ማሳየት ትችያለሽ፤ መግፋት ሳይሆን።

ሄስተር


ኤልሳይ፣ ጁላይ 30

ዶክተር፣

ደግ ሁኚለት ያሉኝን ሞክሬያለሁ። ኤርለንድ ባለፈው ማክሰኞ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ፤ ግባ ብለው አልገባም አለ። ሚስቱ ሊሊያስ ልጆቹን ይዛ ከተማ እናቷ ጋ ሄዳለች፤ ትልቋን ትምህርት ቤት «የአባትሽ ወገብ እንዴት ዋለ?» እያሉ አላስቀምጥ ብለዋታል። የተማሪዎቹ ወላጆችም ሚኒባሱ ለሌላ ሰው ይሰጥ እያሉ ነው።

«አንድ ቃል ነው የምፈልገው» አለኝ። «እኔ አንቺ ጋ መጥቼ አላውቅም። ይህንኑ ተናገሪልኝ።»

«ስለ ማንም መናገር አልችልም፣ ኤርለንድ» አልኩት። በመጽሐፉ እንደተጻፈው ማለት ነው።

«ወገቤን እኮ የእውነት አሞኝ ነበር» አለ። «የፍል ውሃ ላስቲኩን ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ስንቃትት አይተሽኛል።»

እውነቱን ነው። ረስቼው ነበር። ሰባት ዓመት ሆኖት ስለ ነበር ረሳሁ፤ ወገቡን ጽሑፉ ላይ ስጽፈው እንኳ አላስታወሰኝም። ተመልሶ ሄደ፣ በሩንም ቀስ ብሎ ዘጋው። ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ልጽፈው የከበደኝ ነገር አለ። አልበርት እየተሻለው ነው። ሰባት ዓመት ከሁለት ሰዓት በላይ ተኝቶ የማያውቅ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል። ወፍሯል። ባለፈው ሐሙስ ስለ ኤርለንድ አነሣሁበት፣ በሩቁ። ኮፍያውን አገላበጠና «ሰው ስለ እሱ ሲያወራ እሰማለሁ። እኔን ግን ማንም አያየኝም» አለ። እፎይታ ነበረው፤ በድምፁ ሰምቼዋለሁ። ሸክሙ ወረደለት፤ የተሸከመለት ሰው አለ። ፈታኞቹ ጠይቀውኝ የእንቅልፉን ሰንጠረዥ ባሳያቸው ያጨበጭቡልኛል።

ጠላሁት፣ ዶክተር። ተመካሪዬን ጠላሁት። ይህንንም ለእርስዎ መናገር ግዴታዬ ስለሆነ ተናገርኩ።

ኢንጋ


ሼፊልድ፣ ኦገስት 6

ውድ ኢንጋ፣

ብትጠይው አልፈርድብሽም። ሐሙስ ግን ተገኚለት፤ ወንበሩ ላይ ያለው እሱ እንጂ ኤርለንድ አይደለም። እኔ የማውቀው ሥራ ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ባውቅ በነገርኩሽ።

ፈተናሽ አራት ወር ቀርቶታል። ማኅበሩ የላከልኝ የመጀመሪያ አስተያየት በጣም ጥሩ ነው፤ በተለይ ስለ አልበርት የጻፍሽውን ወደውታል። ይህን የምነግርሽ ለደስታ ብዬ አይደለም፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው።

ስለ እኔ ደጋግመሽ ጠይቀሻል። ጉልበቴ ነው አልኩሽ።

ሄስተር


ኤልሳይ፣ ኖቬምበር 16

ዶክተር፣

ሦስት ወር ስለ ጠፋሁ ይቅርታ። ብጽፍልዎ ያስቆሙኝ ነበር፤ እንዳያስቆሙኝ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ሆኗል፤ ከእኔው አፍ ይስሙት።

ዓርብ ዕለት የመከር ማብቂያ እራት ነበር። በየዓመቱ አዳራሹ ውስጥ ሁላችንም እንበላለን፣ ከዚያ ወንበሩ ይነሣና ኤርለንድ አኮርዲዮኑን ያወጣል። ዘንድሮ ኮሚቴው ከከተማ ባንድ አስመጣ። ኤርለንድ ግን መጣ፤ በሩ አጠገብ ብቻውን ተቀመጠ፣ ግራና ቀኙ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ሲቤላ ፊቷን አዙራ ትበላለች። አልበርት ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ሥጋውን ይቆርጣል።

የምስጋናው ንግግር ሲያልቅ ተነሣሁ። ሃያ ዓመት ያስተማርኳቸው ፊቶች ናቸው የሚያዩኝ።

«ገጽ አሥራ አንድን ያነበባችሁ ሁሉ ስሙኝ» አልኩ። «አልበርት የሚባል ሰው የለም። በኮርንዎልም፣ በኤልሳይም የለም። ለፈተና የሚሆን ጥሩ ታሪክ አጣሁና ከራሴ ፈጠርኩት።»

ደንቡን አልጣስኩም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። «እሱ አይደለም» ማለት አትችይም አሉኝ፤ አላልኩም። «ማንም አይደለም» ነው ያልኩት። ከማንም ላይ ወደ ማንም አልጠቆምኩም።

ጄስ ከወዲያ ጥግ «እና ስድስት ዓመት ስትማሪ የነበረው ውሸት ነው?» ስትል አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ጥሩ ነበር፤ አምነውኛል ማለት ነው። ሲቤላ ተነሥታ ሄደች፣ ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠችና ሳህኑን ወደ እሱ ገፋችለት። አልበርት ዓይኑን ከሥጋው አላነሣም።

ኤርለንድ ሊወጣ ሲል አጠገቤ ቆመና «ሰባት ወር። ለአንድ ወረቀት ብለሽ?» አለኝ። ልክ ነው ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? ሊሊያስና ልጆቹ በቅዳሜው አውሮፕላን ተመልሰዋል። ሚኒባሱ ዛሬ ጠዋት በደጄ ሞልቶ አለፈ፤ ሾፌሩ አላየኝም።

ለማኅበሩም ይህንኑ ጽፌያለሁ፤ የጉዳይ ጥናቱ ፈጠራ ነው ብዬ ስሜን ከፈተናው አውጥቻለሁ። ከዋሹ ወዲያ ወጥ አድርጎ መዋሸት ነው፤ ለደሴቱ አንድ፣ ለለንደን ሌላ ብል በሳምንቱ ይደረስብኛል። ስድስት ዓመቴን ትናንት በፖስታ ሣጥን ከተትኩት።

እርስዎ ካሴቱን ሰምተዋል። ቢጠይቁዎት ምን እንደሚሉ አልጠይቅዎም። ስላስቀየምኩዎት ግን ይቅር ይበሉኝ።

ኢንጋ


ሼፊልድ፣ ኖቬምበር 27

ኢንጋ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ተቆጣሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ እንደገና ተቆጣሁ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ካስተማርኳቸው ሁሉ ለዚህ ሥራ ከተፈጠሩት ሁለት ሰዎች አንዷ ነበርሽ። ሌላዋም አልተሳካላትም።

ማኅበሩ ጽፎልኛል። ካሴቱን ሰምተሻል ወይስ አልሰማሽም፣ ሰውዬው አለ ወይስ የለም ይለኛል። ለአንቺ ያስተማርኩሽን መለስኩላቸው፤ አዎም አይደለምም አልልም። ደንቡ በራሴ ላይ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚጎረብጥ አሁን ገና ቀመስኩት።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ኤርለንድን ነጻ አወጣሽው። አልበርት ግን እዚያ ተቀምጦ ሲሰማሽ ምን ሰማ? ይህን አስቢበት።

ከአሁን በኋላ ተቆጣጣሪሽ አይደለሁም፤ ዶክተር ማለቱን ተይውና በስሜ ጥሪኝ።

ሄስተር


ኤልሳይ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 1999

ሄስተር፣

ስምዎን ጠራሁ፤ አንቱታውን ለመጣል ግን አፌ እምቢ አለኝ፤ ከነአንቱታው ይቀበሉኝ።

የማኅበሩ ውሳኔ ደርሶኛል። የእኔን ጠብቄው ነበር። ከታች በኩል ግን፣ መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ ባለመሆንዎ ከተቆጣጣሪዎች መዝገብ እንደሰረዙዎት ይላል። እርስዎ ስለ ጉልበትዎ ነበር የሚጽፉልኝ። ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅዎ አላውቅም፤ ስለዚህ አልጠይቅም፤ ያለ ይቅርታ ያንብቡኝ።

አልበርት ምን ሰማ ብለውኝ ነበር። ከእራቱ በኋላ በነበረው ሐሙስ መጣ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አደረገና «በዕድሜዬ ለአንድ ሰው ነገርኩ» አለ። «እሷም በሰው ፊት ቆማ ውሸት ነው አለች። እንግዲያው እኔም አላደረግኩትም ማለት ነዋ።» ተነሥቶ ወጣ። በዚያው ሳምንት ክሊኒኩ የጓዳውን ቁልፍ ተረከበኝ፤ ቢመለስም የሚገባበት አልነበረም። ኤርለንድ የተሸከመለት ጊዜ ይተኛ የነበረው ሰው፣ ማንም ያልተሸከመው ሲሆን እንቅልፉ ጠፋ። ከሩቅ መብራቱን አያለሁ።

እሑድ ዕለት ማንሲ የሞተበት ስምንተኛ ዓመት ነበር። አልበርት ራሱን ችሎ፣ ማንም ሳይልከው፣ ሲቤላ ቤት ሄደና ነገራት። አላመነችውም። «ኢንጋ ፈጠራ መሆኑን በሰው ሁሉ ፊት ተናግራለች። ሰው ናፍቆህ ከሆነ ሻይ ጠጣ፣ የባሌን ሞት ግን አትስረቀኝ» ብላ አስወጣችው። ከዚያ እኔ ቤት መጣ። ሐሙስ አይደለም፣ ክሊኒክ አይደለም። «አብረሽኝ ትሄጃለሽ? ተናገሪ ብዬሻለሁ፤ ፈቅጃለሁ» አለኝ። መጽሐፍ አላገላበጥኩም። ካፖርቴን ለበስኩ።

ሲቤላ አስገባችን፣ ሻይ ግን አላለችም። ሁለታችንን አፈራርቃ አየችና «ዛሬ ደግሞ የሚዋሸው የትኛችሁ ነው?» አለች። እውነቷን ነው፤ የእኔ ቃል በዚህ ደሴት ላይ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው? ከዚያ እርስዎ በቀይ እስክሪብቶ የከበቡልኝ ነገር ትዝ አለኝ።

«ስለ ርችቱ ንገራት» አልኩት።

«ሦስት ሰማሁ» አለ። «ሁለቱ ፈነዱ። ሦስተኛዋ ሰማይ አልደረሰችም፤ ዱብ ብላ ቀረች።»

ሲቤላ ዝም አለች። እኔም አልረዳኋትም። ስልሳ ድረስ ቆጠርኩ፣ ከዚያ መቁጠሬን ተውኩት።

«ወረቀቱ ላይ ሁለት ነው የሚለው» አለች በመጨረሻ። በቃሏ ይዛዋለች። ከዚያ ነገረችን፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ነበር የምትነግረው፣ በስሙ እየጠራችው። ለእርስዎ ግን ዛሬም አልበርት ነው። ያን ዕለት ለማንሲ ትኩስ ሻይ ይዛ ጀልባ ማውረጃው ላይ ቆማ ነበር። ሁለቱ ርችቶች ተተኩሰዋል፣ ስድስት ሰው መጥቷል፣ ሌሎቹ እንውጣ ይላሉ። ማንሲ እምቢ አለ። ከሣጥኑ ሦስተኛ ርችት አውጥቶ በገዛ እጁ ለኮሳት። እርጥብ ነበረች፤ ድንጋዩ ላይ ዱብ ብላ ቀረች። ከማውረጃው አጠገብ ካሉት ሁለት ቤቶች በቀር ማንም ሊሰማት አይችልም፤ አንዱ የአልበርት ነው። በምርመራው ጊዜም መዘግየቱ በሟች እንዳይሳበብ ብለው ከጀልባዋ የተመለሱት አምስት ሰዎች አፋቸውን ዘጉ፤ ሲቤላም ስምንት ዓመት ዘጋች።

«ሦስተኛ ርችት የሚባል ነገር የለም» አለችው። «ላንተ ነው የተኮሳት። ‹ይመጣል፣ ጠብቁት› አለ።»

አልበርት እንዴት እንደሆነ አልጽፍልዎም። እስካሁን በጽሑፍ የወሰድኩበት ይበቃዋል። ሲቤላ ተነሥታ ለወንድሟ ስልክ ደወለች፤ «ና» ብቻ ነው ያለችው። ኤርለንድ ሲገባ እኔ ወጣሁ። በውስጥ የተነጋገሩትን አላውቅም፣ ማወቅም አይገባኝም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስት እያለ ሲነግረኝ ነበር። ካሴቱ ላይ ነበረች፣ ጽሑፌ ላይም ነበረች። የሰረዝኳት እኔ ነኝ፤ እርስዎ አትንኪያት ሲሉኝ ደንቡን አውቃለሁ ብዬ። አዳምጣቸዋለሁ ብዬ ተነሥቼ፣ ሰውየው ከነገረኝ ሁሉ አንዲቷን ዋና ነገር አስተካከልኩለት።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ከዚያ ወዲህ አልበርት ከቤቱ አልወጣም። ክሊኒኩ ስለተዘጋብኝ ወጥ ቤቴን አሙቄ፣ ሁለት ወንበር አቅርቤ ተቀምጫለሁ። ሰዓቱ ካለፈ ሃያ ደቂቃ ሆኖታል። ፖስታውን የሚወስደው አውሮፕላን ሊደርስ ነው፤ እኔ ግን ደብዳቤውን ይዤ አልወጣም፣ በሚኒባሱ ሲያልፍ በመስኮት ለኤርለንድ ምልክት እሰጠዋለሁ፣ ካቆመልኝ። ከቤት አልነቃነቅም።

ይመጣል።

ኢንጋ